ማዕዘን የሌለው ክፍል

ጥቅምት 4 ቀን

ልጄ፣

ደህና ነሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ያስቸግረኛል እንጂ እጄ ዛሬም በር ይገጥማል። ደብዳቤሽን ያነበበልኝም ይህን የሚጽፈውም ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነው። ሰው አሁንም መርፌው ነው የሚለው፤ ከስፌቱ ይልቅ ምላሱ ይወጋል። «በናፍቆት የተቃጠለ አባትሽ» ብሎ ሊጀምርልኝ ነበር። ማን ተቃጠለ አልኩት። ያልኩህን ብቻ ጻፍ።

የት እንደምትተኛ ጠይቀሻል። የኋላውን ክፍል፣ እናትሽ ነፍሷን ይማርና ልብስ ታጥፍበት የነበረውን፣ ለልጅሽ ለድንቢጥ ሰጥቻታለሁ። ቁም ሳጥኑን አወጣሁ። ጠረጴዛውን አወጣሁ። በሽታው ሲጥላት የሚመታት ነገር እንዳይኖር ያለውን ጠርዝ ሁሉ በመላጊያ ላግሁት፣ በብርጭቆ ወረቀትም ፈተግሁት። አልጋዋ ክብ ነው ማለት ይቻላል። የበሩ መቃን እንኳ ክብ ነው። ግድግዳውን በጣውላ አለበስኩት። ብርሃን እንዳያስደነግጣት መስኮቱን ዘጋሁ፣ የመጋዝ ድምፅ እንዳይገባ በሩ ላይ ወፍራም ምንጣፍ መታሁ። ስትዳስሺው በየትኛውም ማዕዘን ጣትሽን የሚቧጭር ነገር አታገኚም፤ ማዕዘኑም የለም። በዚህ ዕድሜዬ ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው።

መድኃኒቷን ጠዋትና ማታ ትወስዳለች። እንቁላል ትበላለች፣ ወተት ትጠጣለች፣ ጉንጯ ሞላ ብሏል። አትናገርም። አታስቸግርም። ባስቀመጥኳት ቦታ ትገኛለች።

በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ የጻፍሽውን ጥያቄ መርፌው ደግሞ አነበበልኝ። እሱን አልመልስም።

አባትሽ

✦

ኅዳር 12 ቀን

ልጄ፣

የላክሽው ሹራብ ደርሷል። እጅጌው ይረዝማል፤ መርፌው ያሳጥረዋል። ክፍሉን በማመስገንሽ ደስ ብሎኝ ነበር። ነበር ነው የምልሽ፣ ክፍሉ አሁን የለምና። አትደንግጪ፣ አልተቃጠለም።

መድኃኒት የምትሰጠን የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ቤት ድረስ መጣች። አናጢ ሥራውን ለእንግዳ ሲያሳይ እንዴት እንደሚያደርገው ታውቂያለሽ፤ ቀድሜያት ነው የገባሁት። ዞር ዞር ብላ አየች፣ ግድግዳውን ዳሰሰች።

«አባባ፣ ይህን ሁሉ ራስዎ ነው የሠሩት?»

«ታዲያ ማን ይሥራልኝ?»

«እጅዎ ይባረክ። በጣም ያምራል። ግን ሣጥን ነው።»

ሣጥን! ዕድሜዬ ባይገፋ ኖሮ ተነስቼ በሩን አሳያት ነበር። ለነገሩ ተነስቼ በሩን አሳይቻታለሁ። ወጣት ናት፣ ግን የምትፈራ አይደለችም። ደጃፉ ላይ ቆማ የአይጥ ወሬ ጀመረችልኝ።

ተመራማሪዎች በአይጥ ግልገሎች ላይ አይተውታል አለች። ገና ሲወለዱ ምግብ ያጠራቸው፣ በዚያ ላይ መንቀጥቀጥ የያዛቸው ግልገሎች ናቸው። ከፊሎቹን ባዶ ሣጥን ውስጥ አሳደጓቸው። ከፊሎቹን ደግሞ ከጓደኞቻቸው ጋር፣ መሰላልና ዋሻ፣ የሚንከባለልም ነገር ባለበት ሰፊ ቤት አኖሯቸው፤ ዕቃውንም ይለዋውጡላቸዋል። በኋላ መንገድ ፈልጋችሁ ድረሱ ሲባሉ እነዚህኞቹ ቶሎ ለመዱት። ረሃቡና መንቀጥቀጡ ያጎደለው ሁሉ ተመለሰ አላለችኝም። ቶሎ ለመዱ ነው ያለችኝ። ድንቢጥም መድኃኒቷንና ምግቧን ሳታቋርጥ የምታየው፣ የምትነካው፣ የሚያናግራት ሰው ያስፈልጋታል አለች።

«የልጅ ልጄን ከአይጥ ጋር ታወዳድሪያለሽ?» አልኳት።

«አባባ፣ አይጡን ይተዉት፤ ሣጥኑን ይዩት» ብላኝ ሄደች።

መርፌው አሁን እየሳቀ ነው። ይሳቅ።

በማግስቱ ቁርሷን ይዤ ገባሁ። በሩን ስከፍት ብርሃኑ ከአልጋዋ አጠገብ ያለው ጣውላ ላይ አረፈ። እዚያ ጣውላ ላይ አንድ ጉጥ አለ፤ ዛፉ በቁሙ ሳለ ቅርንጫፍ የነበረበት፣ ጠቆር ያለ ክብ ነገር። ልደፍነው ብዬ ረስቼው ነው። ልጄ፣ ያ ጉጥ ያበራል። ቀለም አልቀባሁት፣ ዘይት አልነካሁት። እንጨት እንዲያ የሚያበራው የሰው እጅ ሲመላለስበት ነው፤ የመዶሻ እጀታ፣ የደረጃ መደገፊያ እንዲያ ይሆናል። ቆሜ አየኋት። ጣቷን ወደ ጉጡ ላከች፣ ዙሪያውን አዞረችው። ደግማ አዞረችው። አንዱ ጎን ላይ ትንሽ ስንጥቅ አለ፤ እዚያ ስትደርስ ቆም ትላለች፣ ከዚያ ትቀጥላለች። ስንጥቁ የት እንዳለ ታውቀዋለች!

ይህች ልጅ መማር አትችልም ያለው ማን ነው? ያቀረብንላት አንድ ጉጥ ብቻ ነበር፤ እሱን አጥንታ ጨርሳለች።

ቁርሱን አስቀመጥኩና የመስኮቱን ጣውላ ነቀልኩት። ከዚያ ታቅፌያት ወደ ሥራ ቤቱ ገባሁ። አሁን ቀኑን የምትውለው እዚያ ነው። መጋዙን ውጭ ነው የምስበው፤ ያኔ መርፌው ጋ ትቆያለች። ለመውደቂያዋ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አለ። አትጩሂብኝ፣ አስቤበታለሁ።

አባትሽ

✦

ኅዳር 29 ቀን

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? ስለቆየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህን ደብዳቤ እየጀመርኩ ስቀድደው ነው የከረምኩት። ለጋሼ መርፌው ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ አሁንም እያነበቡልዎ ስለሆነ ራሳቸው ይቀበሉ።

አባዬ፣ ክፍሉን ሲሠሩላት የልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ለማን ያልነገርኩት አለ? የሆስፒታሉን አንሶላ ስናጥብ የማወራው ስለዚያ ክፍል ነበር። «አባትሽ ይህን ያህል?» ይሉኛል፣ እኔም እኮራ ነበር። አሁን ደግሞ መዶሻ መሐል አስቀመጧት? በር ሲጋጭ የምትበረግግ ልጅ እኮ ናት።

እርስዎ መጀመሪያ የጣላትን ቀን አላዩትም። ዓይኗ ወደ ላይ ሲገለበጥ፣ ከንፈሯ ሲጠቁር ያየሁት እኔ ነኝ። ስሟን ስጠራ ነበር። የምትሰማኝ ይመስለኝ ነበር።

የምሠራበት ሆስፒታል እንደ እሷ ላሉ ልጆች ማሳደጊያ አለው። ንጹሕ ነው፣ አልጋው ነጭ ነው፣ ኮቴ እንኳ አይሰማም። ነርስ ሌት ተቀን አይጠፋም። ኃላፊዋ ቦታ ልትይዝልኝ ቃል ገብታልኛለች። እኔም ከሥራ ስወጣ አያታለሁ። ሲስተሯ የነገረችዎን አንብቤዋለሁ። እውነት ሊሆን ይችላል። ግን አባዬ፣ መማሩ ይቅርባት። ትኑርልኝ እንጂ መማሩ ይቅርባት።

ስለ መጨረሻው ጥያቄዬ ዝም ብለውኛል። ዝምታዎ ምን ማለት እንደሆነ ገብቶኛል።

አክባሪ ልጅዎ

✦

ጥር 6 ቀን

ልጄ፣

አልልካትም። ከሰላምታው በፊት ይህን ጻፍ ብዬው ነው። አሁን ደህና ነሽ?

ቀኑን ሙሉ ምን ስታደርግ እንደምትውል ልንገርሽ። ትሠራለች። በቁመቷ ልክ ጠረጴዛ ሠርቼላታለሁ፣ አራት ማዕዘን ያለው። አንዱ ጠርዝ ሻካራ ነው፣ አንዱ ልስልስ፣ አንዱ እንደ ማዕበል የሚሄድ። ክዳን ያላቸው ትንንሽ ሣጥኖች አሏት፤ አንዱ ተንሸራቶ ይከፈታል፣ አንዱ በማጠፊያ፣ አንዱ በመቀርቀሪያ። ሲሰለቻት እለውጥላታለሁ። ሰጋቱራው ላይ በጣቷ ትሞነጫጭራለች። መርፌው ከስፌት የተረፈውን ጨርቅ እያመጣ «ይህ ቀይ ነው፣ ይህ ሰማያዊ ነው» ይላታል። አንድ ቀን አረንጓዴውን ሰማያዊ አላት፤ የኔ ዓይን ባይኖር ልጅቷን አሳስቶ ይገድላት ነበር። (መብራቱ ደካማ ነበር። መርፌው።)

ደንበኛ ሁሉ ሲገባ መጀመሪያ እሷን ሰላም ይላል። ሰላም ያላላት ሰው ወንበሩ ይዘገይበታል። ይህን አንድ ሰው ላይ አድርጌዋለሁ፤ ወሬው ተሰማ፣ አሁን ሁሉም ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው።

ጠዋት ጠዋት በእግራችን ጤና ጣቢያው ድረስ እንሄዳለን። ሲስተሯን ይቅርታ አልጠየቅኳትም፣ ግን የሚንገዳገደውን የመድኃኒት መደርደሪያዋን አስተካክዬላታለሁ። ገብቷታል።

ትረሳለች፤ አልደብቅሽም። ዛሬ የከፈተችውን መቀርቀሪያ ነገ እንዳላየችው ታየዋለች። ስለዚህ ነገም አሳያታለሁ። ከነገ ወዲያም አሳያታለሁ። ምን ሥራ አለኝ?

አሁን ዋናውን ስሚ። ሚስማር ስመታ አጠገቤ ቆማ ነበር። መዶሻውን ከፍ ሳደርግ «ቀስ!» አለች። ቀስ! ቀኑን ሙሉ እኔ ለእሷ የምላትን። መዶሻዬን እንደ ያዝኩ ቀረሁ። አናጢ ከሆንኩ ጀምሮ ቀስ በል ያለኝ ሰው የለም፤ አሁን አለቃ አገኘሁ።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። ሁሉም ደህና ነው።

አባትሽ

ይህን ከታች የምጨምረው እኔ መርፌው ነኝ። ጋሼ ያላሉኝን ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው፤ አንቺ ግን እናት ነሽ። ያን ቃል ካለች በኋላ፣ ባለፈው ሰኞ፣ ልጅቷን ጥሏታል። ሥራ ቤቱ ውስጥ፣ ምንጣፉ ላይ። ረዘም አለ። አሁን ተነስታለች፣ ትበላለች። አባትሽ ግን ከዚያ ወዲህ መዶሻ አላነሱም፤ ቁጭ ብለው እሷን ብቻ ያያሉ። አትንገሪብኝ አልልሽም። መቼም ደብዳቤሽን የማነብላቸው እኔው ነኝ።

✦

የካቲት 2 ቀን

ልጄ፣

መርፌው ይህን የሚጽፈው ቆሞ ነው። ወንበር ከልክዬዋለሁ፤ ወንበሩን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ደብዳቤሽን ሲያነብልኝ መሐል ላይ ድምፁ ጠፋ። «አንብብ» አልኩት። «ሳል ይዞኝ ነው» አለ። «ሳልና አንብብ» አልኩት። አነበበው፤ የራሱን ጉድ በራሱ አፍ።

አዎ፣ ጥሏታል። ከሌሊቱ ጀምሮ ትኩሳት ነበራት፤ ጠዋት የዋጠችውን መድኃኒትም አስመለሰችው። ሲስተሯ ትኩሳቱ ነው ያመጣው አለች፣ መዶሻው አይደለም። በጎኗ አስተኛኋት፣ የልብሷን አንገት ፈታሁላት፣ አፏ ውስጥ ምንም አላስገባሁም፤ እንዳሳዩኝ አደረግሁ። ያልነገርኩሽ መጥተሽ ትወስጂያታለሽ ብዬ ነው። ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከዚያ በኋላ «ቀስ» ጠፋች። መቀርቀሪያውም ጠፋ። ሣጥኑን እንደ ድንጋይ ታየው ጀመር። እኔም መዶሻዬን መሬት ጥዬ ተቀመጥኩ፤ መርፌው እንደጻፈልሽ ነው፣ ውሸታም አይደለም። ከዚያ አንድ ጠዋት መጣችና መዶሻውን ከመሬት ልታነሳው ታገለች። ከበዳት። ጎትታ ጭኔ ላይ ጣለችው፤ ጉልበቴን አጠፋችው። ተነሳሁ። ከመጀመሪያው ጀመርን። መቀርቀሪያው ከበፊቱ ፈጥኖ ነው የተመለሰላት። ቃሏም ይመለሳል።

የማሳደጊያውን መኪና ይዤ እመጣለሁ ብለሻል። ነይ። ግን ከመውሰድሽ በፊት አንድ ቀን ሥራ ቤቱ ውስጥ ትውያለሽ። እንደ እንግዳ አይደለም፤ ጣውላ ትይዢልኛለሽ። ሲመሽ አሁንም ልውሰዳት ካልሽ ዕቃዋን እኔው ራሴ መኪናው ላይ እጭነዋለሁ። ከቃሌ እንደማልመለስ ታውቂያለሽ።

አሁን ያንን ጥያቄሽን። ዝም ያልኩት መልሱ «አዎ» ስለሆነ መሰለሽ? ሞኝ! ዝም ያልኩት የልጄን አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሲናገር መስማት ስላልፈለግሁ ነው። ጡቴ ስለ ደረቀ እኔ ነኝ ወይ የጎዳኋት ትያለሽ። በዚያ ክፉ ጊዜ አንቺ ራስሽ ምን በልተሽ ነበር? ባዶ በርሜል ውኃ አልሰጠም ተብሎ ይገረፋል? ባልሽን ቀብረሽ፣ ልጅሽን ጀርባሽ ላይ አዝለሽ፣ ያን መንገድ ሁሉ በእግርሽ የመጣሽው አንቺ ነሽ። ደጄ ላይ ስትደርሺ አንቺ መቆም አትችዪም ነበር፤ እሷ ግን ትተነፍስ ነበር። መኖሩን አንቺ ሰጥተሻታል። መማሩን ለእኔ ተዪው።

አባትሽ

መርፌውን እባክህ ተቀመጥ ብዬዋለሁ። ቆሞ ሲጽፍ ጽሕፈቱ እንዳይበላሽ ነው፣ ሌላ አይደለም።

✦

መጋቢት 26 ቀን

ይድረስ ለአባቴ፣

በሰላም ገብቻለሁ። የማሳደጊያው ሾፌር መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም። የኋላ ወንበሩን ባዶ ይዞ የሚመለስ ሰው ምን ይበል? መጨረሻ ላይ ብቻ «ልጅቷ ደህና ናት?» አለኝ። «ደህና ናት» አልኩት። አፌ ላይ እንግዳ ሆነብኝ። እንዲህ ብዬ መልሼ አላውቅማ።

ስንለያይ ያልነገርኩዎት ነገር አለ። ከሰዓት በኋላ «ከድንቢጥ ጋር ሂጂና መድኃኒቷን አምጪ» ብለው ላኩን አይደል? ሰፈሩ ተለውጧል። አጥሩ ተገፍቷል፣ የማውቀው ሱቅ ፈርሷል። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ስደርስ ግራ ገባኝ። ሰው ልጠይቅ ስል እጄን ሳበችኝ። እኔ የያዝኳት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ይዛኛለች።

አባዬ፣ ሁሉን ነገር እየነካች ነው የምትሄደው። የብረቱን ምሰሶ ነካች፣ ወደ ቀኝ ዞረች። የተሰነጠቀውን ግንብ ነካች፣ ቀጥ አለች። ሰማያዊው በር ጋ ስትደርስ በጣቷ ዙሪያውን አንዴ አዞረችና ቀና ብላ አየችኝ፣ እንደ ማለት፣ «ይህን አታውቂውም?» አላውቀውም ነበር። ጤና ጣቢያው ደጃፍ አደረሰችኝ። ስንመለስ ሆን ብዬ በሌላ መንገድ ልወስዳት ሞከርኩ። ቆመች። አሰበች፤ ስታስብ አየኋት። ከዚያ ዞር አለችና ከሌላው ጫፍ ምሰሶው ጋ አወጣችኝ።

እዚያ ምሰሶ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሷ ቆማ ጠበቀችኝ። ከዚያ «ቀስ» አለችኝ።

የማሳደጊያውን አልጋ ለሌላ ልጅ እንዲሰጡት ነግሬያቸዋለሁ። ለሥራው የፈረምኩት ጊዜ እስኪያልቅ መታገስ አለብኝ፤ ሲያልቅ እመጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፤ መንገዱ እንደሚጠፋኝ አውቀው ነው የላኩኝ?

ልጅዎ

✦

ጥቅምት 9 ቀን

ልጄ፣

የመጋቢቱን ጥያቄሽን እስካሁን አልመለስኩልሽም፤ በየደብዳቤሽ ትጠይቂኛለሽ። አዎ፣ አውቄ ነው። አሁን ተዪኝ።

ከሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚ፤ ትምህርት ቤት ገብታለች። ርእሰ መምህሯ መጀመሪያ አመነታች። ሲስተሯ አብራን ሄዳ ሲጥላት ምን እንደሚደረግ ለአስተማሪዎቹ አሳየቻቸው። እኔም ጠረጴዛዋን ተሸክሜ ገባሁና ጥግ ላይ አስቀመጥኩት። ጠረጴዛውን ይመልሱ ብለው ሊያሸክሙኝ አልደፈሩም። ለጊዜው እስከ ረፋድ ነው የምትቆየው፣ ከዚያ ሥራ ቤት።

አልዋሽሽም። ከእኩዮቿ ኋላ ናት። አብረዋት የገቡት ፊደሉን ሲዘልቁት እሷ ገና መግቢያው ላይ ናት። መርፌው ፊደሉን ጣውላ ላይ ይስልልኛል፣ እኔ በመሮ እቀርጸዋለሁ፣ እሷ በጣቷ ትከተለዋለች። የትኛው ምን እንደሚባል እኔ አላውቅም፤ ሀን ከበር ማጠፊያ አልለየውም። እሷ ግን ተገልብጦ ስሰጣት አዙራ ታስተካክለዋለች። በክረምቱ አንዴ ጥሏታል፤ ያኔውኑ ነግሬሻለሁ። ሲስተሯ መድኃኒቱን ከፍ አደረገችው። የተማረችው ግን በዚያኛው ጊዜ እንደጠፋው አልጠፋም። አንዳንዱ ነገር ፈጽሞ ላይመጣ ይችላል። የሚመጣውን ያህል ግን እናመጣዋለን፤ እኔ ካልቻልኩ መርፌው አለ፣ እሱ ካልቻለ አንቺ አለሽ።

ክፍሉን ላንቺ እያዘጋጀሁት ነው። መስኮቱ ሰፍቷል፣ ቁም ሳጥኑ ተመልሷል፣ ማዕዘኑም እንዲሁ። ያን ጉጥ ያለበትን ጣውላ ግን አልነቀልኩትም። ልነቅለው ስል ድንቢጥ መሐል ገብታ ቆመች።

አሁን አጠገባችን ናት። ወረቀቱን እየሳበች አላስጽፍ ብላለች። እኔ የምለውን ብዬ ጨርሻለሁ፤ ተራውን ለእሷ ሰጥቻታለሁ።

አባትሽ

እኔ መርፌው ነኝ። ከዚህ በታች ያለው እሷ ያለችው ነው። በአንዱ ቃልና በሌላው መሐል ብዙ ትቆያለች፤ አባትሽ እንዳልቀድማት እጄን ይዘውኛል።

«እማዬ። ጣውላ ያዝሽ። ሄድሽ። ነይ። መንገድ ጠፋሽ? እኔ አለሁ። እጄን እሰጥሻለሁ።»

እዚህ ላይ ዝም ስትል የጨረሰች መስሎኝ «በጣም የምትናፍቅሽ ልጅሽ» ብዬ ልዘጋላት ብዕሬን አነሳሁ። ምን ልትጽፍ ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። እጇን ወረቀቱ ላይ ዘርግታ ከለከለችኝ።

«አላልኩም» አለች። «ያልኩህን ብቻ ጻፍ።»